ዝም ያለ መሬት

በ2078 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በሸራ ሰፈር የድድ ምርመራ ተደረገ። በየወሩ የሚደረግ ነው፤ ማንም ጉዳዬ አይለውም። ከጤና ኬላው ደጃፍ እንሰለፋለን፣ ተራችን ሲደርስ አፋችንን እንከፍታለን፣ ነርሷ በባትሪ ታይና «ነጭ» ወይም «አመድ» ወይም «ጥቁር» ትላለች፣ ሌላዋ ትመዘግባለች። የእኔ ድድ አመድ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ስድሳ ሁለት ዓመት ለኖረ ሰው ይኼም ተመስገን ነው። የዚያን ወር ግን ከሦስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ነጭ የተባለ አንድም አልነበረም። ነርሷ የመጨረሻውን ሕፃን አፍ ሁለት ጊዜ አየችው። ከዚያ መዝጋቢዋን ቀና ብላ ሳታያት «አመድ» አለች።

ከሳምንት በኋላ ከወረዳው ደብዳቤ መጣ። ሊቀመንበራችን ኡጁሉ በድርብ ጣሪያው አዳራሽ ሰበሰበንና አነበበልን። ነገሩ አጭር ነው። ማሽላችን የሚበቅለው ርጋፊ በጠገበ አፈር ላይ ስለሆነ ልጆቹን የሚመርዛቸው እሱ ነው። ሰፈሩ እስከ ግንቦት ሠላሳ ድረስ አራት ሄክታር ንጹህ መሬት ካገኘ፣ ወረዳው ከላይ የሚሸፍንበትን መረብ ይሰጣል። ካላገኘ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወደ ፎቅ ሰፈር ይሄዳል።

ፎቅ ሰፈርን እናውቀዋለን። ከወንዙ ማዶ የነበሩት ጎረቤቶቻችን ከአራት ዓመት በፊት ተወስደዋል። አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ክፍል ደረሳቸው፤ ምግቡ በቧንቧ ይመጣል፣ መስኮቱ አይከፈትም አሉ። ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያው ዓመት አለቁ። በሽታ ገብቶ አይደለም፤ ጠዋት ተነሥተው የሚሄዱበት ስላጡ ነው። እኔ እንደዚያ ቁጭ ብዬ መሞት አልፈልግም። ይህንኑ በስብሰባው መሀል ለኡጁሉ ነገርኩት።

«ማን ይፈልጋል፣ እትዬ ደብሪቱ?» አለኝ።

ርጋፊ ማለት ከላይ የሚወርደው ነው። አያቶቻችን ሰማዩን በሚዞር ብረት ሞሉት፤ አሁን አርጅቶ ይረግፍብናል። ትልልቁ እየነደደ ይመጣል፣ ትንንሹ እንደ ካፊያ ይወርዳል፣ ብናኙ ደግሞ አይታይም። ሳይረን ሲጮህ ሰው ሁሉ ድርብ ጣሪያ ሥር ይገባል፤ ወሬውን ግን አያቋርጥም፣ የተጣላም ከጣሪያው ሥር ጠቡን ይቀጥላል። ዱቄት ከመቦካቱ በፊት ማግኔት ይዞርበታል። ማግኔቱ ላይ የሚለጠፈውን ጥቁር ጢም በጨርቅ ጠርገን እንጥላለን። ስንሰነባበት «ቀላል ይሁንላችሁ» እንባባላለን፤ ከላይ የሚወርደውን ማለታችን ነው። ልጆቻችን ከዚህ ሌላ መሰነባበቻ አያውቁም።

እኔ አዳማጭ ነኝ። አርባ ዓመት በዲቴክተር ወርቅ ስፈልግ ኖሬአለሁ። ማሽኑ ምንም ምሥጢር የለውም። ረጅም እጀታ አለው፣ ጫፉ ላይ ሳህን የሚያህል ክብ ነገር አለ፣ እሱን መሬት ለመሬት እያወዛወዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ብረት ሲያገኝ ማዳመጫው ይጮኻል። ችግሩ አገሩ በሙሉ መጮኹ ነው። ርጋፊው ከአፈሩ ጋር ስለተዋሐደ ማዳመጫውን ካደረጋችሁበት ጊዜ ጀምሮ እስክታወልቁ ድረስ ጆሯችሁ ውስጥ ቆሎ ይቆላል። ወርቅ ከዚያ ቆሎ ሥር የምትሰማ ቀጭን ድምፅ ናት። እሷን ለይቶ የሚሰማ መሣሪያ ለመሥራት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። ላይ ሆነው ያዩ የነበሩት ዓይኖችም በርጋፊው ከታወሩ ቆይተዋል። በመጨረሻ ወደ ሰው ጆሮ ተመለሱ፤ ዛሬ ለጆሮ እንደ መኪና መንጃ ፈቃድ ይወጣለታል።

እኛ ዘንድ ያቺ ድምፅ ስትመጣ ስሟ አይጠራም። «እንግዳ መጣ» ነው የሚባለው። ከዚያ ጫማ ይወልቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ዶማ የሚነሣው። ስሙን በጠራ ሰው ላይ እንግዳው ይሸሻል ይላሉ። እኔ በዚህ አላምንም፤ ጠርቼው ግን አላውቅም።

ንጹህ መሬት ሲፈለግም የሚሠራው ይኸው ማሽን ነው፤ ልዩነቱ የሚፈለገው ድምፅ አለመኖሩ ብቻ ነው። ታዲያ አንድ ጆሮ አይበቃም። ፈቃድ ያላቸው ሁለት አዳማጮች፣ ከአንድ ቤት ያልሆኑ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ምንም ሳይነገረው አድምጦ፣ ሁለቱም ቅጹ ላይ አውራ ጣታቸውን ያኖራሉ። በአካባቢያችን ከእኔ ሌላ ፈቃድ ያለው ጥላዬ ነው። ጥላዬ ደግሞ የቀድሞ ባሌ ነው።

«ሌላ ሰው የለም?» አልኩት ኡጁሉን።

«አንዱ ሞቷል፣ ሁለቱ ፎቅ ሰፈር ናቸው።»

«ከአንድ ቤት ያልሆኑ ነው የሚለው።»

«ከተፋታችሁ ሃያ ዓመት አለፈኮ፣ እትዬ። ማስረጃውን አያይዤ ልኬዋለሁ።»

ፍቺያችን ለአገር የጠቀመው ያኔ ብቻ ነው።

ስለ ጥላዬ አንድ ነገር ልንገራችሁና ይብቃኝ። ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ቀን የተጠገነ ማሽን ቤት ውስጥ ሲሞክር ከአልጋችን ሥር ድምፅ ሰማ። አልጋውን ወደ ደጅ አወጣና ቆፈረ። በሦስተኛው ቀን የሽምብራ ፍሬ የምታህል ወርቅ አገኘ። ያቺን ካየ በኋላ ሰው አልሆነም። ስምንት ወር ሙሉ እኔ ደጅ እየተኛሁ እሱ መኝታ ቤቴን ቆፈረ፤ ከዚያም ምሰሶው ሥር ገባ። እኔ ገበያ ውዬ ስመለስ ቤቱ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል። እሱ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አፈር ለብሶ ከፍርስራሹ አጠገብ ቆሟል። «ደብሪቱ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» አለኝ። የዚያኑ ዕለት እናቴ ቤት ገባሁ።

ግንቦት አንድ ቀን ጠዋት ማሽኑን በትከሻው አንግቶ ደጄ ቆመ። ሸብቷል፣ ከስቷል፤ ሳቁ ግን እዚያው ነው።

«ደህና ነሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ። ጆሮህ ይሰማል?»

«ቀኙ ይሰማል።»

«ግራውስ?»

«ግራው ያንቺ ነበር፤ ስትጮሂበት ሞተ።»

እንዲህ ተባብለን ወጣን።

ሦስት ሳምንት ዞርን። እሱ ከፊት እኔ ከኋላ፣ ወይም እኔ ከፊት እሱ ከኋላ። የወንዙን መታጠፊያዎች አደመጥን፣ ጮኹ። ነጭ ድንጋይ የሞላባቸውን ጉብታዎች አደመጥን፣ ጮኹ። ደለሉን፣ የደረቀውን ጅረት፣ የድሮ ጉድጓዶቹን አካባቢ አንድ በአንድ አዳረስን። ማታ ስንመለስ ኡጁሉ መንገድ ላይ ይጠብቀናል፤ ፊታችንን ያይና ምንም ሳይጠይቅ ይመለሳል።

ግንቦት ሃያ ሁለት ቀን አንድ ዛፍ ሥር ዳቦ ስንበላ ጥላዬ መጉረሱን አቆመ።

«ደብሪቱ፣ እስካሁን የሄድንባቸውን ቦታዎች እስቲ ጥሪልኝ።»

ጠራሁለት። የወንዙ መታጠፊያ፣ የነጭ ድንጋዩ ጉብታ፣ ደለሉ... መሀል ላይ አፌ ተያዘ። ሁሉም እንግዳ የሚመጣባቸው ቦታዎች ናቸው። ንጹህ መሬት ፈልጉ ብለው የላኩን ሰዎች ልጆቻቸውን አቅፈው ሲጠብቁን፣ እኛ ወርቅ የሚገኝበትን ስንዞር ከርመናል። ያ ቦታ ደግሞ እኛው ራሳችን ስንት ዘመን የተሰበረ ዶማና ሚስማር የጣልንበት ነው። እግራችን ሌላ መንገድ አያውቅማ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ! ሳቅን፤ ሳቁ ግን አልጣፈጠንም።

ከዚያ ወዲያ ሆነ ብለን ተቃራኒውን ሄድን፤ የሳሩን ሜዳ፣ ጥቁሩን መረሬ፣ የጫካውን ዳር። ስድስት ቀን። እዚያም ቆሎው ተቆላ። ግንቦት ሃያ ስምንት ሲደርስ ሰፈሩ ዕቃውን ማሰር ጀምሮ ነበር። ኡጁሉ ፍየል ያላችሁ ከአሁኑ እረዱ፣ ፎቅ ላይ እንስሳ አይገባም ብሎ አስነገረ። የዚያን ቀን ጠዋት ስወጣ የጎረቤቴን የፍየል ቆዳ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ አየሁት።

ያልደረስንበት አንድ ሜዳ ቀርቶን ነበር፤ ከተረተሩ ባሻገር ያለው። ሜዳ ለሜዳ ስንሄድ ስልኬ ተንቀጠቀጠ፤ ርጋፊ ሊወርድ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። በአቅራቢያው ጣሪያ የለም። መንገደኛ ሁሉ ጀርባው ላይ የሚታጠፍ ቆርቆሮ ያዝላል፤ የጀርባ ጣሪያ እንለዋለን። ጥላዬ የራሱን ረስቶ መጥቷል።

«ሰው ጣሪያውን ይረሳል?» አልኩት።

«ቸኩዬ ነው።»

«አንተ እኮ ጣሪያ አይበረክትልህም።»

አንገቱን ደፍቶ ከቆርቆሮዬ ሥር ገባ። ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ተንበረከክን። እኩለ ቀን ነበር። ሰማዩ ላይ በመጀመሪያ አንድ ነጭ ጭረት ታየ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ልቆጥረው አልቻልኩም። ጭረቶቹ ጎን ለጎን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አለፉ፤ ጫፋቸው ላይ ያለው እሳት በጠራራ ፀሐይ እንኳ ይታያል። ድምፁ ዘግይቶ ደረሰ፤ ምድሩ ከጉልበቴ ሥር ተንቀጠቀጠ። ይህን ዕድሜ ልኬን አይቼዋለሁ። ልጆችን የሚያበላሸው ይኸው እንደሆነም አውቃለሁ። ግን ያምራል፤ ምን ልበላችሁ፣ ሁልጊዜ ያምራል። ከዚያ ትንንሹ ቆርቆሮው ላይ መንጠባጠብ ጀመረ፤ እስኪያባራ ድረስ ከሥሩ አልወጣንም።

ሲያባራ ተነሣን። ጥላዬ ወደ ሜዳው በመሄድ ፈንታ ወደ ተረተሩ ፊቱን አዞረና ቆመ።

«ያውልሽ» አለ።

ከአምስት ቀን በፊት የጣለው ዝናብ የተረተሩን ጎን ገምሶ አውርዶታል። ገደሉ ተንሸራቶ ከሥር የተነጠፈው ቀይ አፈር ከሩቅ ሲታይ የተዘረጋ ቁርበት ይመስላል። መሀሉ ላይ ነጭ ድንጋይ ያበራል።

«ነጭ ድንጋይ አየህና ነው አይደል?» አልኩት። «ሁለት ቀን ቀርቶን? አሁንም?»

«አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ደብሪቱ። ሄደን እንመለስ።»

ጥላዬ አምስት ደቂቃ ሲል ስንት እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ያም ሆኖ ተከተልኩት፤ እግሬም አልተቃወመ።

አፈሩ ጫፍ ላይ ቆሜ ማዳመጫውን አደረግኩ፤ ማሽኑን አበራሁ። ምንም የለም። ተበላሸ ብዬ አጠፋሁትና እንደገና አበራሁት። ምንም የለም። የቀበቶዬን ዘለበት ከሳህኑ ፊት አሳለፍኩ፤ ጆሮዬን እስኪያመኝ ጮኸ። መልሼ አፈሩ ላይ አወረድኩት፤ ዝም አለ።

አርባ ዓመት ጆሮዬ ውስጥ ሲቆላ የኖረው ቆሎ ጠፍቷል። የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ። ልቤ ሲመታ ሰማሁ። ከማዳመጫው ሥር የራሴን ልብ ሰምቼ አላውቅም፤ እንዳለኝም ረስቼ ነበር። አንድ እርምጃ ሄድኩ፣ ዝም። አሥር እርምጃ ሄድኩ፣ ዝም። ይህ አፈር ዓለም ሲፈጠር ጀምሮ ከተራራ ሆድ ውስጥ የነበረ ነው። ሰማይን ካየ አምስት ቀኑ ነው፤ በእነዚያ አምስት ቀናትም በዚያ በኩል ምንም አልወረደም፤ ቅድም የወረደብን እንኳ ሜዳው ላይ ቀርቶ እዚህ አልደረሰም። እዚያው ቁጭ አልኩ።

ደንቡ ለሁለተኛው አዳማጭ ምንም አይነገረውም ስለሚል ማዳመጫውን ብቻ ሰጠሁት። ቀኝ ጆሮው ላይ አደረገ። ግንባሩን ቋጠረ።

«ጠፍቷል» አለ።

ራሴን ነቀነቅኩ። እሱም ካራውን አወጣና በሳህኑ ፊት አሳለፈ፤ ማሽኑ ሲጮህ ከማዳመጫው አልፎ ለእኔም ተሰማኝ። ካራውን ወደ ኋላው ወረወረው። ሳህኑን ቀስ ብሎ አወረደ። ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታና አወለቀ። እንግዳ አልመጣም፤ የሚያወልቅበት ምክንያት አልነበረውም። ግን እንዲህ ያለ ነገር ፊት ሌላ ምን እንደሚደረግ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። እኔም አወለቅኩ።

ከሰባት ሰዓት ጀምረን በባዶ እግራችን እየተመላለስን ለካነው። አንዱ መስመር ሲያልቅ በሌላው እንመለሳለን። አፈሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ ከጣት መሀል ይገባል። አንስቼ አሸተትኩት፤ ምን እንደሚሸት ልነግራችሁ አልችልም፣ የሚመስለውን አላውቅማ። አራት ሄክታር ሞላ፣ አለፈ። አንዲትም ጭረት የምታህል ድምፅ አልነበረችበትም። ጥላዬ እየሄደ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ለምን እንደምንስቅ አንጠያየቅም።

ከነጭ ድንጋዩ አጠገብ ስደርስ ግን እጄ ያልታዘዘውን አደረገ። ማሽኑ ላይ ትንሽ ማዞሪያ አለች፤ ወደዚህ ስትሉት የላዩን አንድ ሜትር ያደምጣል፣ ወደዚያ ስትሉት የታቹን። ለንጹህ መሬት የላዩ ብቻ ይበቃል። ማንም ታቹን አድምጪ አላለኝም። አውራ ጣቴ በራሱ ጊዜ ገፋት።

መጀመሪያ ድምፅ መሆኑን አላወቅኩም። ወንዝ ከላይ ሞልቶ ሲመጣ ጆሮ ሳይሰማው ደረት ያውቀዋል አይደል? እንደዚያ ነበር። ዝቅ ያለ፣ ለስላሳ፣ ሰፊ። የምናውቀው እንግዳ ሳህኑ አንዴ ሲወዛወዝ መጥቶ ያልቃል። ይህኛው አያልቅም። አሥር እርምጃ ሄድኩ፣ አብሮኝ አለ። ሃያ ሄድኩ። ጫፉን ያገኘሁት በአርባ ስድስተኛው እርምጃ ነው። ወደ ጎን አሥራ ሰባት እርምጃ። ተመልሼ መሀሉ ላይ ቆምኩና ሳህኑን ሳላወዛውዝ አደመጥኩት። በአርባ ዓመት ያገኘሁት ሁሉ ቢሰበሰብ ሁለት እፍኝ አይሞላም። ከእግሬ ሥር ያለው ቤት ያህል ነው። ፈራሁት፤ ሰው ተራራን እንደሚፈራው ፈራሁት።

«ጥላዬ፣» አልኩ፣ «እንግዳ መጣ።»

መጣ። ሰማ። እሱም እንደኔ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ፣ ተመለሰ። 

ሕጉን ሁለታችንም እናውቀዋለን። እንዲህ ያለ ድምፅ የተሰማበት መሬት በዕለቱ ይዘጋል፣ ቆፋሪው ድርጅት ይመጣል፣ ከአካባቢው ሰው ሁሉ በወር ውስጥ ይነሣል። ለሰሙት ሁለት አዳማጮች ደግሞ ከነቤተሰባቸው ሙሉ ጣሪያ ባለበት ከተማ ቤት ይሰጣቸዋል፤ ከተማው በሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ነው፣ ሳይረን የለም፣ ድድ ሁሉ ነጭ ነው ይላሉ። ስለዚህ ብንናገር እኔና ጥላዬ እንድናለን፣ ሸራ ሰፈር ያልቃል። ይህን እያወቅኩ ይዘነው የምንዞረውን ዶማ አነሣሁ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። እሱ አይደለም።

«ልየው ብቻ» አልኩ። «ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። አንዴ አይቼው መልሼ እደፍነዋለሁ።»

ጥላዬ ልመታበት ያሰብኩት ቦታ ላይ ሄዶ ቁጭ አለ።

«ተነሣ።»

«አልነሣም።»

«አርባ ዓመት ነው፣ ጥላዬ። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እሰማዋለሁ ብዬ ነው የኖርኩት።»

«ሰማሽው እኮ።»

«አንተ ነህ እኔን የምትከለክል? አልጋዬን የቆፈርክ? ቤቴን ጉድጓድ የከተትክ?»

«እኔ ነኛ» አለ። ድምፁ አልጨመረም። «ያን ጊዜ የሰማሁትን ይዤ ብተኛ ኖሮ ዛሬ ቤቴ ውስጥ ነበርኩ። ያቺን ሽምብራ ነው ያየኋት። ጆሮ ይረሳል፣ ደብሪቱ፤ ዓይን አይረሳም። ካየሽው አትደፍኚውም። ተይኝ እኔን፣ ማንም ሰው ቢሆን አይደፍነውም።»

«እኔ አንተ አይደለሁም።»

«እሱንማ ሃያ ዓመት ስትነግሪኝ ኖረሽ የለ» አለኝ። «እስቲ እጅሽን እዪው።»

እጄን አየሁት። ዶማውን ከራሴ በላይ አንስቻለሁ። መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም።

ያኔ የሰፈሩን ሕፃናት አስታወስኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አላስታወስኩም። ጠላሁት፤ ቤቴ ከፈረሰበት ቀን ይበልጥ በዚያች ደቂቃ ጠላሁት። እሱ አልተነሣም፣ ክንዴ ዛለ፣ ዶማው ወረደ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያ በሽታ የእሱ ብቻ ነው ብዬ ለጎረቤት ስናገር ኖሬ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ሕፃናቱ የታወሱኝ ከዚያ በኋላ ነው።

«አንዴ እንስማውና እንሂድ» አለ ጥላዬ።

ማዳመጫውን ገልበጥ አደረግኩት፤ አንዱን ጎን እሱ በቀኝ ጆሮው፣ ሌላውን እኔ በግራ ጆሮዬ ያዝነው። ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አደመጥን። ያ ነገር ከእኛ ሥር ይዘምራል፤ ዝማሬው አይጨምርም፣ አይቀንስም። ከእኛ በፊት ነበረ፣ ከእኛም በኋላ ይኖራል። ባልሰማው ኖሮ እንዴት ሆኜ እሞት ነበር አልኩ በልቤ። ጥላዬ ዓይኑን ጨፍኗል። ሃያ ዓመት ፊቱን በዚህ ቅርበት አላየሁትም ነበር።

ከዚያ ቅጹን አወጣን። የመጀመሪያው ጥያቄ «ከላይ እስከ አንድ ሜትር ብረት አለ?» ይላል። የለም አልን። ሁለተኛው «ሌላ የተሰማ ነገር አለ?» ይላል። በዚህ ጥያቄ የዋሸ አዳማጭ ፈቃዱን ይነጠቃል፣ እስር ቤትም ይገባል። ጥላዬ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ቀለሙን ነካና «የለም» የሚለው ላይ አኖረ። ካጠገቡ እኔም አኖርኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። የሸራ ሰፈር ስም ሸራ ሰፈር አይደለም። እኔም ደብሪቱ አይደለሁም። ልፈልግ የሚል ካለ ይፈልግ፣ አገሩ ሰፊ ነው፣ የተናደ ገደልም ሞልቷል።

ሰፈር ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር። ሰው ሁሉ ከአዳራሹ ፊት ቆሟል፤ የታሰረው ዕቃ በየደጁ ተቀምጧል። ኡጁሉ እንደ ሌላው ቀን ፊታችንን አይቶ ሊመለስ አልቻለም መሰለኝ። የእኛን ፊት ማንበብ አቅቶት ወደ እኛ መጣ።

«ምን ሰማችሁ?» አለ።

በወርቅ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ሰው ይህ ጥያቄ ምን እንደሆነ ያውቃል። አባቶቻችን ማታ ሲመለሱ እናቶቻችን የሚጠይቋቸው ይህንኑ ነበር። ከመልሱም ለመስማት የሚፈሩት አንድ ቃል ነበር፤ ያ ቃል በተነገረበት ቤት ጦም ይታደራል።

«ምንም» አልኩ።

ኡጁሉ አልገባውም። «ምንም ሲሉ? ጭራሽ?»

«ምንም» አለ ጥላዬ። «አራት ሄክታር ሙሉ፣ አንድም ነገር የለም።»

 ከዚያ አንዲት ሴት ከኋላ እልል አለች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ። ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ወደ ላይ እያነሡ «ምንም! ምንም!» ይላሉ። የታሰረውን ዕቃ እዚያው ደጅ ላይ የሚፈታ ነበር። አንዲት ወጣት እናት ልጇን እጄ ላይ ጣለችልኝና መሬት ሳመች፤ ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ሲስቅ አመዱን ድዱን አየሁት። ጥላዬ ሕዝቡ መሀል ቁጭ ብሎ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ልጅ ይንሰቀሰቃል።

«ደስ ብሎት ነው» ተባባሉ ሰዎቹ።

ደስም ብሎት ነበር።